መውረድ ያልተማረ አይዝለል

እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ለኅትመት በበቃ አንድ የዩጎዝላቪያ ጥናት 33 ወጣት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ተሳትፈዋል። ዕድሜያቸው 15 እና 16 ነበር፤ በእርከናቸው ምርጥ ከሚባሉትም ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ልጆቹን በሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን የተለመደ ልምምዱን ብቻ ቀጠለ። ሁለተኛው በዚያ ላይ ጨምሮ ከ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወረደ፣ እግሩ መሬት እንደነካ ወደ ላይ መዝለልን ተለማመደ። ሦስተኛው ያንኑ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሠራ። በስድስት ሳምንቱ መጨረሻ ሲለኩ ከ50 ሴንቲ ሜትር ይወርዱ የነበሩት ዝላያቸው በ4.8 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ተገኘ። ከአንድ ሜትር ይወርዱ የነበሩት ደግሞ በ5.6 ጨመሩ። በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነት ግን ተመራማሪዎቹ እንደ ልዩነት የሚቆጥሩት አልሆነም። የመውረጃው ከፍታ እጥፍ ሆነ፣ እግር የሚሸከመው ጫና ጨመረ፣ ትርፉ ያው ነው።

ዛሬ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ሲከፍት የሚሰበከው የዚህን ተቃራኒ ነው። ወገብ የሚደርስ ሣጥን ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ወጣት ያያል፤ ቀጥሎ ደረት የሚደርስ፤ ቀጥሎ ከዚያም የባሰ። ርዕሱ ሁልጊዜ «በስምንት ሳምንት ደንክ አድርግ» የሚል ዓይነት ነው። ሣጥን ላይ መውጣት ግን የዝላይን ያህል የጉልበት አስተጣጠፍን ይለካል። ጉልበቱን ደረቱ ድረስ ማጠፍ የሚችል ልጅ ወገቡ ብዙም ከፍ ሳይል ረጅም ሣጥን ላይ ሊቆም ይችላል። ከእሱ በላይ የሚዘለው፣ ግን ጉልበቱን እንደዚያ የማያጥፈው ጓደኛው ቪዲዮ ላይ ያነሰ መስሎ ይታያል። ጨዋታ ውስጥ ሪባውንዱን የሚወስደው ያኛው ነው።

ቁጥሮቹንም ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3.05 ሜትር ላይ ነው። ቆሞ እጁን ሲዘረጋ 2.25 ሜትር የሚነካ ልጅ 55 ሴንቲ ሜትር ቢዘል ጣቱ 2.80 ላይ ይደርሳል። ኳሱን ከላይ ለመክተት ከቀለበቱ ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል ማለፍ አለበት። በደንብ የተሠራ የስድስት ሳምንት ልምምድ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢጨምርለት 2.85 ሆነ። ደንኩ አሁንም ሩቅ ነው። ይህ ልምምዱን ማጣጣል አይደለም፤ ሁለት እጅ አንድ ኳስ ላይ ሲሻሙ አምስት ሴንቲ ሜትር ብዙ ነገር ነው። ነገር ግን ለልጁ ተስፋ የተሰጠውና የሚያገኘው ነገር የተለያዩ ከሆኑ፣ ተስፋውን ለመድረስ ሲል የሚጨምረው የዝላይ ብዛት ነው፤ ጉዳቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ፕላዮሜትሪክ የሚባለው የዝላይ ልምምድ ምን ይሠራል? ጡንቻ ከመኮማተሩ በፊት በፍጥነት ከተለጠጠ፣ ሳይለጠጥ ከሚኮማተረው የበለጠ ኃይል ያወጣል። ማንም ሰው ሊዘል ሲል ሳይነገረው ሸብረክ የሚለው ለዚህ ነው። በዚያች ቅጽበት የታፋና የባት ጡንቻ፣ በተለይም ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ተለጥጦ ኃይል ይቋጥራል፤ ነርቭም መለጠጡን ተረድቶ ጡንቻው ቶሎ እንዲኮማተር ያዛል። የተቋጠረው ኃይል ወዲያው ሥራ ላይ ካልዋለ ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይባክናል። በደንብ የተነፋ ኳስ ወለል ነክቶ ይነጥራል፤ የተነፈሰው ወለሉ ላይ ተዘርጥጦ ይቀራል። እግርም እንደዚያው ነው።

ባለሙያዎች አንድን ዝላይ ፈጣን የሚሉት እግር መሬት ላይ የሚቆየው ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲሆን ነው። ቆሞ ሸብረክ ብሎ መዝለል ከዚህ ይረዝማል። የጨዋታው ወሳኝ ዝላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ኳሱ ከቀለበቱ ተመልሶ አራት እጅ ነክቶት ሲወድቅ፣ አሸናፊው መጀመሪያ ከሁሉ በላይ የዘለለው ሳይሆን ወርዶ ቀድሞ የሚነሣው ነው። የዩጎዝላቪያውን ውጤት ሳስብ የሚታየኝም ይህ ነው። ከአንድ ሜትር የሚወርድ የ15 ዓመት ልጅ ግጭቱን ለመቋቋም ሲል ጉልበቱን በጣም ያጥፋል፣ መሬት ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይነሣል። ፈጣን እንዲሆን የታሰበው ልምምድ ዘገምተኛ ይሆንበታል። የከፍታው ትርፍ የሚበላው እንዲህ ይመስለኛል።

ከከፍታ ወርዶ ወዲያው መዝለልን፣ አሰልጣኞች ዴፕዝ ጃምፕ የሚሉትን፣ በሥርዓት ያስቀመጠው የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ቬርኮሻንስኪ ነው። የሱሉስ ዝላይ አሰልጣኝ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ዘዴውን ሲያዳብር በእጁ ያሉት ለዓመታት ብረት ሲያነሡ የኖሩ፣ አካላቸው የጠነከረ አትሌቶች ነበሩ። ለእነሱም ቢሆን በአንድ ልምምድ ከ40 ያልበለጠ ዝላይ፣ በሳምንትም ጥቂት ቀን ብቻ ነበር የሚፈቅደው። በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ ሶቪየታዊው ቫለሪ ቦርዞቭ የ100 እና የ200 ሜትር ወርቅ ሲወስድ የምዕራቡ ዓለም ዓይን ወደ ሶቪየት ልምምድ ዞረ። በ1975 አሜሪካዊው የቀድሞ ሯጭና አሰልጣኝ ፍሬድ ዊልት ዛሬ የምንጠራበትን ስም አወጣለት። እንግዲህ ልምምዱ ድንበር ሲሻገር ስሙ አብሮት ተሻገረ፤ መመጠኛው ግን ብዙ ቦታ ላይ አልተሻገረም። በጎልማሳ የሱሉስ ዝላይ አትሌት ልክ የተሰፋው ልብስ ዛሬ የ13 ዓመት ልጅ ላይ ተጠልቆ የምናየው ለዚህ ነው።

ልጁ ደግሞ ወደዚህ ልምምድ የሚመጣው እግሩ አርፎ አይደለም። ቅርጫት ኳስ ራሱ የዝላይ ልምምድ ነው። በ1995 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ በአማካይ 46 ጊዜ እንደሚዘልና 1,000 ጊዜ ገደማ የእንቅስቃሴ ዓይነቱን እንደሚቀያይር አሳይቷል፤ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። በፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ሌላ ልኬት ከሌይ አፕ በኋላ መሬት ሲረግጡ የሚቀበሉት ኃይል የክብደታቸውን ዘጠኝ እጥፍ ሊጠጋ እንደሚችል ጠቁሟል። የጎልማሶች ልኬት እንዳለ ለልጅ አይገለበጥም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሮጥ፣ ሲዘልና ሲቆም የቆየን ልጅ ልምምዱ ሊያልቅ ሲል «አሁን መቶ ዝላይ!» የሚል አሰልጣኝ ከባዶ የሚጀምር መስሎት ነው። ከባዶ ግን አይጀምርም።

የአሜሪካ የጥንካሬና የአካል ብቃት ባለሙያዎች ማኅበር ለጀማሪ በአንድ ልምምድ ከ80 እስከ 100 የእግር ንክኪ፣ በሁለት ልምምዶች መካከልም ከ48 እስከ 72 ሰዓት እረፍት ይመክራል። ለልጆች የሚሰጠው ምክር ከዚህም ያነሰ ነው፤ ከስድስት እስከ አሥር ዝላይ፣ አንድ ወይም ሁለት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ኤንቢኤና የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በ2016 በጋራ ባወጡት መመሪያ ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች በሳምንት ከሁለት ያልበለጠ ጨዋታ መክረዋል፤ ልጆች 14 ዓመት ሳይሞላቸው በቅርጫት ኳስ ብቻ እንዳይታጠሩም አሳስበዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት ቡድንም ለክለብም የሚያሰልፉ ወገኖቻችን ይህን ቁጥር ከቅዳሜና እሑድ ውድድር ሰሌዳቸው ጋር ቢያስተያዩት ይደነግጣሉ። እዚያ ልጅ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ጨዋታ መጫወቱ ብርቅ አይደለም።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ዕድገት ነው። ሴት ልጅ ቁመቷ በፍጥነት የሚመዘዘው በ12 ዓመት አካባቢ ነው፤ ወንድ በ14 ገደማ። በነዚያ ወራት አጥንት ይቀድማል፣ ጡንቻና ጅማት ይከተላሉ። ከጉልበት ሎሚ በታች ጅማቱ ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ገና ስስ ነው፤ ጅማቱ በዘለሉ ቁጥር ይጎትተዋል፤ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ሮበርት ኦስጉድና ካርል ሽላተር ይህን ሕመም በ1903 እያንዳንዳቸው ለየብቻ ጽፈው አስታውቀዋል፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ዕድገት ሲቆም ራሱ ይተዋል። ችግሩ ልጁ ጉልበቱን ይዞ ሲቀመጥ «ሰነፈ» መባሉ ነው። በየሦስት ወሩ የልጆቹን ቁመት በር መቃን ላይ የሚያሰምር አሰልጣኝ ማን በፍጥነት እያደገ እንደሆነ ያውቃል፤ የዚያን ልጅ ዝላይ ለጥቂት ወራት ይቀንስለታል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ እርሳስ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው የሴቶች ጉዳይ ነው። በጉልበት ውስጥ ሁለቱን አጥንቶች አስተሳስሮ የሚይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስ የተጫዋቾች ሁሉ ስጋት ነው። በቅርጫት ኳስ በሴቶች ላይ የሚደርሰው በወንዶች ላይ ከሚደርሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይነካቸው ነው የሚበጠሰው፤ ዘለው ሲወርዱ፣ ወይም ሮጠው በድንገት ሲቆሙና አቅጣጫ ሲቀይሩ። ወንዶችም አያመልጡም። ዴሪክ ሮዝ በ2011 ገና በ22 ዓመቱ የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ በማግሥቱ ዓመት፣ ሚያዝያ 2012፣ የግራ ጉልበቱ ጅማት የተበጠሰው እንዲህ ባለች አንዲት ቅጽበት ነበር።

በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ የተመራማሪው ቲሞቲ ሄዌት ቡድን በ1990ዎቹ የሠራው ሥራ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ቡድኑ በ1996 ባሳተመው ጥናት ለወጣት ሴት ተጫዋቾች የስድስት ሳምንት የዝላይ ልምምድ ሰጠ። የልምምዱ ትኩረት ግን አወራረድ ላይ ነበር። ልጆቹ ሲወርዱ መሬቱ የሚመልስባቸው ምት በ22 በመቶ ቀነሰ፤ ዝላያቸው ደግሞ በ10 በመቶ ገደማ ጨመረ። በ1999 በወጣው ተከታይ ጥናት 1,263 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርተኞች ለአንድ የውድድር ዘመን ክትትል ተደረገባቸው፤ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ነበሩ። ልምምዱን ያልወሰዱት ሴቶች ከወሰዱት ይልቅ 3.6 እጥፍ የጉልበት ጉዳት ደረሰባቸው። እንግዲህ ከፍ ብሎ መዝለልና ሳይጎዱ መውረድ ሁለት የተለያዩ ግቦች ሆነው አንዱ የአንዱን ጊዜ የሚሻሙ አይደሉም። በአንድ ልምምድ ሁለቱም ተገኝተዋል። ዝላይ ያስተማራቸው አወራረድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሚታረመው ምንድን ነው? ልጅቱ ስትወርድ ሁለቱ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ተጠጋግተው ሊነካኩ ይደርሳሉ። እግሯ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ከቋንጃ በላይ ያለው የኋላ ጭን ጡንቻ የፊቱን ያህል አይሠራም፤ ድንጋጤውን ጡንቻ በመቀበል ፈንታ ጅማት ይቀበለዋል። ይህን ለማየት የምርምር ቤት አያስፈልግም። አሰልጣኙ ከፊት ለፊቷ ቆሞ ጉልበቷ በእግሯ ጣቶች አቅጣጫ መሆኑን ይመልከት። ጆሮውንም ይክፈት፤ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ «ጧ!» ብሎ የሚወርድ እግርና ድምፁ የማይሰማ እግር ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የሴቶች ቡድን ያለው ትምህርት ቤት ለአንድ ቡድን ብቻ ይህን ልምምድ የመስጠት አቅም ካለው፣ ለሴቶቹ ቢሰጥ ትክክል ነው እላለሁ።

ሲሚንቶን ካነሣን፣ በአገራችን ብዙው የትምህርት ቤት ሜዳ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ነው። ጫማውም ብዙ ጊዜ ሶሉ ያለቀ ነው። ከውጭ የሚመጣ ፕሮግራም የእንጨት ወለልና አዲስ ጫማ ታሳቢ አድርጎ ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ መቅዳት አይገባም። ከባዱን ዝላይ ወደ ደልዳላ አፈር ወይም ሣር ማውጣት፣ ጉድጓድ እንደሌለው አስቀድሞ መርገጥ፣ ብዛቱንም መቀነስ ይሻላል። በሌላ በኩል ልጆቻችን ለመጀመሪያው ደረጃ የሚሆን ልምምድ ከድሮም አላቸው። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ በአንድ እግሯ ትነጥራለች፣ መስመር ሳትረግጥ ትቆማለች፣ ሚዛኗን ጠብቃ ጎንበስ ትላለች፣ ትመለሳለች። ገመድ ዝላይ ደግሞ ቁርጭምጭሚትንና ባትን በአጭር ንክኪ የሚያለማምድ፣ ከፍታው ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝላይ ነው። ማንም «ስፖርት ሳይንስ» ብሎ ባይጠራቸውም ልጁን ለቀጣዩ እርከን ያዘጋጃሉ። የሚያሳዝነው ግን ግቢው እየጠበበ፣ ሰፈሩ መኪና ማቆሚያ እየሆነ ሲሄድ እነዚህ ጨዋታዎች ከብዙ ልጆች ሕይወት እየወጡ ነው። አሰልጣኙ ከሣጥን በፊት ገመድ ቢገዛ ገንዘቡ በትክክል ዋለ።

በኔ እምነት አንድ ጥሩ የመጀመሪያ ወር እንዲህ ይመስላል። ልምምዱ የሚሠራው ሰውነት ከሞቀ በኋላ፣ ድካም ሳይመጣ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ልጆቹ ትንሽ ዘለው ይወርዱና እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው ሁለት ሰከንድ ይቆማሉ፤ የተንገዳገደ ይደግማል። ገመድ ይዘላሉ። አወራረዱ ሲስተካከል ወደ ፊትና ወደ ጎን ይዘላሉ፤ ቀጥሎ በአንድ እግር። በሁለተኛው ወር ከአንድ የደረጃ እርከን፣ ከ20 ወይም ከ30 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዶ ፈጥኖ መነሣት ሊጀመር ይችላል። ፍጥነቱ ሲቀንስና እግር መሬት ላይ መቆየት ሲጀምር ልምምዱ አልቋል፤ የቀረው ዝላይ ቁጥር ከመሙላት ሌላ ጥቅም የለውም። ጎረምሳ ልጅ ይህን ሲሰማ ይሰለቻል። ይሰልች፤ ዝላይ ድካምን ማሳያ አይደለም።

ውጤቱን ለመለካት ደግሞ የሐርቫርዱ ዱድሊ ሳርጀንት በ1921 ያስተዋወቀው መንገድ ይበቃል። ጣትን ጠመኔ መቀባት፣ ቆሞ ግድግዳ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ዘሎ ሌላ ምልክት ማድረግ፣ መሃሉን በሜትር መለካት። በስድስት ሳምንት አንዴ በቂ ነው።

ሁለት የቆዩ አባባሎች ይህን ሥራ ሲያደናቅፉ አያለሁ። አንደኛው ተጫዋች የክብደቱን አንድ ተኩል እጥፍ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ሳይችል ፕላዮሜትሪክ አይንካ የሚለው ነው። ያ መስፈርት የተቀመጠው ከትልቅ ከፍታ ለሚደረገው ከባድ ዝላይ ነው፤ ለገመድ ዝላይና ለዝቅተኛ ዝላይ ካዋልነው የትኛውም ልጅ ሜዳ ላይ መሮጥ ሊከለከል ነው። ሁለተኛው «መዝለል ቁመት ያስቀራል» የሚለው የሰፈር ወሬ ነው፤ ማስረጃ የለውም። አጥንት በልጅነት በልኩ የሚደርስበት ጫና እንዲያውም ያጠነክረዋል። የሚጎዳው ያለ ልክ፣ ያለ እረፍትና ያለ አወራረድ መዝለል ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የሚለማመድበት ሜዳ አንድ ቀን ጎራ በሉ። አሰልጣኙን ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳዘለላቸው፣ ቀጣዩ የዝላይ ቀን መቼ እንደሆነ፣ አወራረድ ያስተማራቸው በየትኛው ሳምንት እንደሆነ በትሕትና ጠይቁት። ደህና አሰልጣኝ በጥያቄው ደስ ይለዋል። መልስ የሌለው ከሆነና ልጃችሁን ከአንድ ሜትር ሣጥን ላይ የሚያወርደው ከሆነ፣ ከዚያ ልምምድ አስወጡት።